ከውሉ በፊት ካርታው ይውጣ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ ዘመዴ ደወለልኝ። "ና እስኪ፣ የቤት ኪራይ ውል ልንፈራረም ነው፤ አንተ ጻፍልን" አለኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት አግኝቷል። ስደርስ መሽቷል። የጥቅምትን ብርድ እዚያ የኖረ ያውቀዋል። አከራይዋ እማማ ከሰል አቀጣጥለው ቡና አፍልተዋል። ወረቀቱ አለ፣ እስክሪብቶው አለ፣ ሁለት ምስክሮችም ከጎረቤት ተጠርተዋል።

"እማማ፣ መጀመሪያ ካርታውን ያሳዩኝ" አልኳቸው።

ተነሡ። ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ሳቡ። ከሳጥኑ ፌስታል ወጣ። ከፌስታሉ ሌላ ፌስታል። ከዚያ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ፋይል። ካርታው፣ ማለትም የቤቱ የይዞታ ማረጋገጫ፣ ንጹሕ ነው፣ ጥጉ እንኳ አልተቀደደም። ስሙ ግን የእማማ አይደለም። ካረፉ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው የባለቤታቸው ስም ነው።

"እሱማ የታወቀ ነው ልጄ" አሉኝ። "ቤቱ የማን እንደሆነ ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል።"

እውነታቸውን ነው። ሠፈሩ ያውቃል። ዕድሩም ያውቃል። ውሉን የምትመዘግበው፣ ማዘጋጃ ቤት መስኮት ላይ የተቀመጠችው መዝጋቢ ግን የምታውቀው ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ያን ምሽት ቡናውን ጠጣን፤ ውሉን ሳንፈርም ተለያየን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው በዚህ ጉዳይ ያማክረኛል። ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ውሉ ነው። "ምን ብለን እንጻፍ? ፎርም አለህ?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ውሉ ቀላሉ ክፍል ነው እላለሁ። ውል በአንድ ምሽት ይጻፋል። ወራት የሚፈጀው ከውሉ ጀርባ ያለው ጥያቄ ነው፤ ይህን ቤት ማከራየት የሚችለው ማን ነው? የሚመዘገብ ውል የሚጸናው ቤቱ ራሱ ባለው ወረቀት ልክ ነው። የቤቱ ወረቀት ከተንገዳገደ ውሉም አብሮ ይንገዳገዳል።

አዋጁ የሚለው

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅን ያጸደቀው መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩ 1320/2016 ነው። አዲስ አበባ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ በየወረዳው ምዝገባ ጀመረች። በክልል ደግሞ አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃንም ሁኑ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲናም ሁኑ ዓለም ከተማ፣ የመጀመሪያው ሥራችሁ ማዘጋጃ ቤት ጎራ ብሎ "የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል የሚመዘግበው የትኛው ክፍል ነው? ምን ምን ይዤ ልምጣ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ሰው በቃል የነገራችሁን ከመያዝ እሱ ይሻላል። ሁለተኛ ምልልስም ያስቀራል።

አዋጁ ውሉ በጽሑፍ ይሁን ይላል። ከተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል፣ ማለትም ኪራይ ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ ቀርቦ ይረጋገጥ፣ ይመዝገብ ይላል። ውሉ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው፤ እሱም ተቆጣጣሪው አካል አጥንቶ በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ በሚያሳውቀው ልክ።

ይህን ላነበበ ተከራይ ነገሩ እፎይታ ነው። ከዓመታት በፊት እኔም ተከራይ ነበርኩ። ውላችን በቃል ነበር። ኅዳር ማለቂያ ላይ፣ ውርጩ ጎመኑን በሚያነድበት ሰሞን፣ አከራዬ "የወንድሜ ልጅ ሊገባበት ነው፣ በሳምንት ልቀቅ" አሉኝ። የምይዘው ወረቀት አልነበረኝም። ዕቃዬን በጋሪ ጭኜ ወጣሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤቱ ውስጥ የገባው ሌላ ሰው ነበር፤ ኪራዩም ጨምሯል። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ከቁጣው ይልቅ የሚሰማኝ አንድ ገጽ ወረቀት ምን ያህል ሊያድነኝ ይችል እንደነበር ነው።

ለአከራዩ ግን ያው አዋጅ ሌላ ነገር ይመስላል። ግብር ይታየዋል። በ2 ዓመት ውስጥ የጤፍ ዋጋ የት እንደሚደርስ ይታየዋል። የማይከፍል ተከራይ ቢገባበት እንዴት እንደሚያስወጣው ይጨነቃል። እነዚህ ፍርሃቶች ከንቱ አይደሉም። በሰሜን ሸዋ ከተሞች ብዙዎቹ አከራዮች ባለ ፎቅ አይደሉም። ከጓሮ ሁለትና ሦስት ክፍል ሠርተው፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለፋብሪካ ሠራተኛ ወይም ለመምህር አከራይተው፣ በዚያች ገንዘብ የሚኖሩ ጡረተኞችና እናቶች ናቸው። "አስመዝግቡ" ሲባሉ መጀመሪያ የሚሰማቸው ድንጋጤ ነው። ወረቀቱን ሊያዘጋጅ የሚሄድ ተከራይ ይህን አውቆ ቢሄድ ጥሩ ነው። "ሕግ ነው" ብሎ ከመጀመር "እማማ፣ ለሁለታችንም ይበጃል፣ ወረቀቱን አብረን እናስተካክል" ብሎ መጀመር በር ይከፍታል።

ስሙ የማን ነው?

እዚህ ላይ ጊዜ እንውሰድ፤ ነገሩ ሁሉ የሚቆላለፈው እዚህ ስለሆነ።

የእማማ ዓይነት ጉዳይ በጣም የተለመደ ነው። ባል ያርፋል፣ ካርታው በስሙ ይቀራል። ሚስት ትኖርበታለች፣ ልጆች ያድጉበታል፣ ውሃና መብራት ሳይቀር በሟች ስም ይከፈላል። ማንም አይጠይቅም። ውል ማስመዝገብ ሲመጣ ግን ጥያቄው ይነሣል። መውጫው የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የሞት የምስክር ወረቀት ይወጣል። ከዚያ ለፍርድ ቤት ማመልከቻ ይገባል፣ ምስክሮች ይቀርባሉ፣ ፍርድ ቤቱ ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ያረጋግጣል። ቤቱ የጋራ ሀብት ከነበረ ግማሹ ድሮውንም የሚስት ነው፤ ለውርስ የሚቀርበው የሟች ድርሻ ነው።

ከሰዎች ጋር ሳወራ አንድ ነገር አስተውያለሁ። ወራሽነት ሳያወጡ የሚቀሩት በስንፍና አይደለም። ወራሽነት ማውጣት ቤት መካፈል ይመስላቸዋል። እማማም ያሉኝ ይህንኑ ነው። "ልጆቼ ተስማምተው እያሉ ፍርድ ቤት ላቁማቸው?" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የወራሽነት ማረጋገጫ ማን ወራሽ እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ነው። ቤት አይቆርስም፣ ግድግዳ አያቆምም፣ ማንንም ከማንም አያጣላም። እንዲያውም ልጆቹ እየተስማሙ ሳለ ማውጣቱ ነው የሚሻለው። ይህን ለእናቱ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ልጅ ትልቅ ሥራ ሠራ እላለሁ።

ማረጋገጫው ከወጣ በኋላ ለአካለ መጠን የደረሱት ወራሾች ራሳቸው ይፈርማሉ፤ ወይም ለእናታቸው ውክልና ይሰጣሉ። ያልደረሱ ካሉ የሞግዚትነቱ ወረቀት አብሮ ይያያዛል።

ባልና ሚስት በሕይወት እያሉም ስሙ ያጣላል። ካርታው በባል ስም ነው፣ ባል ብቻውን መጥቶ ይፈርማል፣ መዝጋቢዋ "ባለቤትህስ?" ትለዋለች። ትክክል ናት። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን ለማከራየትም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። አማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዋጅ 79/1995። የትኛውም መስኮት ላይ ብትቀርቡ ሁለታችሁም ሄዳችሁ ብትፈርሙ የሚጎድል ነገር የለም። የጋብቻ ማስረጃውን ያዙ። ያላገባ ደግሞ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከቀበሌው ቀድሞ ቢያወጣ ምልልሱን ይቀንሳል።

ሦስተኛው ዓይነት ባለቤቱ ሩቅ የሆነበት ቤት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ሠርቶ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ብዙ ነው፤ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ዐረብ አገር ሠርታ በላከችው ገንዘብ ቤት ያስጨረሰች እህትም በየቤቱ አለች። ቤቱን የሚያከራየው ወንድም ወይም አባት ነው። "እኔ ነኝ ኃላፊው" ይላል፤ ውክልና ግን የለውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ጠቃሚ ነገር አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2204 ከ3 ዓመት የማይበልጥ ኪራይን ከአስተዳደር ሥራ ይቆጥረዋል። ማለትም ጠቅላላ ውክልና ያለው ሰው የ2 ዓመት ውል መፈራረም ይችላል። ከ3 ዓመት በላይ ከሆነ ግን ለዚያ ጉዳይ ተብሎ የተሰጠ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ያም ሆኖ የእኔ ምክር፣ ውክልናው ሲጻፍ "ለማከራየት፣ የኪራይ ውል ለመፈራረምና ለማስመዝገብ፣ ኪራይ ለመቀበል" የሚሉት ቃላት በግልጽ ይግቡ ነው። ቃሉ ካለ ክርክር የለም። ውጭ አገር ያለች እህት ውክልናውን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዳ ትሰጣለች፤ ወረቀቱ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይጀመር፤ የ30 ቀኑ ቆጠራ ከተጀመረ በኋላ መሯሯጥ ያስቸግራል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ካርታ የሌለው ቤት ነው። ከተማው እየሰፋ ሄዷል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደብረ ብርሃን የኪራይ ቤት ፈላጊው በርክቷል። ከዳር ከዳር በመንደር ውል የተገዛ መሬት ላይ የተሠራ ቤት አለ። ባለቤቱ ለፍቶ ሠርቶታል፣ ይኖርበታል፣ ያከራየዋል። ወረቀቱ ግን አንድ የእጅ ጽሑፍና ሦስት ፊርማ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ውል ለማስመዝገብ ሲሄድ ጥያቄው ከኪራይ አልፎ ወደ ይዞታ ይሄዳል። ለተከራይ የምለው፦ ካርታ ከሌለ ይህን አውቃችሁ ግቡ፤ ከባለቤቱ ጋር የሚያያይዘውን ማንኛውንም ወረቀት፣ የቦታ ግብር ደረሰኝም ቢሆን፣ የውሃና የመብራት ካርኒም ቢሆን፣ ቅጂውን ያዙ።

የፊደል ነገር

ትንሽ ትመስላለች፤ ሰው ግን ሁለትና ሦስት ቀን ታመላልሳለች። በካርታው ላይ "ኃይለማርያም"፣ በቀበሌ መታወቂያው "ሃይለ ማሪያም"፣ በፋይዳው (በብሔራዊ መታወቂያው) ደግሞ ሌላ። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለመዝገብ ግን ሦስት ሊሆን ይችላል። ፀሐይና ጸሃይ፣ ዓለምነሽና አለምነሽ፣ ሥዩምና ስዩም እንዲሁ። የእኛ ፊደል ሀብታም ነው፤ ሀብቱ እዚህ ላይ ያስከፍላል። የቤት ስምና የመዝገብ ስምም የተለየባቸው አሉ። ሠፈሩ "አበባየሁ" የሚላቸው እናት ካርታው ላይ "ወለተ..." ብለው የተጻፉበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ውሉ ከመጻፉ በፊት መታወቂያውን፣ ፋይዳውንና ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርጉ። ፊደል በፊደል አንብቡ። እስከ አያት ድረስ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ውሉ የሚጻፈው በካርታው አጻጻፍ ይሁን። መታወቂያውን ማስተካከል ካርታውን ከማስተካከል ይቀላል። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ "ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው" የሚል ማስረጃ ከሚመለከተው አካል መውጣት አለበት።

የቤት ቁጥሩም እንደዚሁ ነው። ቀበሌዎች ተዋህደዋል፣ ስም ተቀይሯል። ካርታው ላይ የድሮው ቀበሌ አለ፤ በሩ ላይ አዲሱ ቁጥር ተለጥፏል። ሁለቱንም ጻፉ። "በካርታው ቀበሌ ይህ፣ በአሁኑ አደረጃጀት ይህ" ብሎ መጻፍ አያስነውርም።

የተከራዩ ወረቀት አጭር ነው። የታደሰ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ስልክ። ከሌላ ከተማ የመጣ ከቀድሞው ቀበሌው መሸኛ ቢያመጣ ለነዋሪነቱም ይጠቅመዋል። ተፈናቅሎ የመጣ፣ መታወቂያው ከቤቱ ጋር የተቃጠለበት ሰው ግን በከተማው አለ። ለእሱ ከሁሉ የሚቀድመው መታወቂያ ነው። አከራዮች እንዲህ ያለውን ሰው "ወረቀት የለውም" ብለው እንዳያባርሩት አደራ እላለሁ።

ውሉ ሲጻፍ

አሁን ወደ ቀላሉ ክፍል ደረስን። ከተማችሁ የራሱ ቅጽ ካለው በእሱ ሙሉ። ቅጽ ቢኖርም ግን ውስጡ የሚገባው የእናንተው እውነት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ነገር ላይ ልቆይ።

አንደኛው ዋጋው ነው። በየቦታው የምሰማው አንድ ልማድ አለ። ኪራዩ 6,000 ብር ይሆንና ውሉ ላይ 4,000 ይጻፋል። ልዩነቱ በእጅ ይሰጣል። አከራዩ ግብር ሊቀንስ ነው፣ ተከራዩ ቤቱን እንዳያጣ እሺ ይላል። እስቲ ቁጭ ብለን እናስላው። ተከራዩ ሦስት ወር ሳይከፍል ቢቀር አከራዩ 18,000 ብር ቀርቶበታል። ፍርድ ቤት ይዞት የሚሄደው ውል ግን 12,000 ነው የሚለው። 6,000 ብሩ ቀለጠ። የዓመቱ ጭማሪ፣ እንበል 10 በመቶ ቢፈቀድ፣ በእውነተኛው ዋጋ 600 ብር ነበር፤ በተጻፈው ግን 400 ነው። ሁልጊዜ የሚሰላው በተጻፈው ላይ ነው። ተከራዩም አይተርፍም። የ2 ወር ቅድመ ክፍያ ብሎ 12,000 ሰጥቷል፣ ውሉ 8,000 ይላል። ቢለቅ 4,000ውን በምን ያስረዳል? ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር መሆኑ ደግሞ የገንዘቡን ዱካ ያስቀራል። ለትንሽ ግብር ብሎ ሁለቱም በገዛ እጃቸው ማስረጃቸውን ያበላሻሉ። እኔ ይህን ነገር እቃወማለሁ። ውል ላይ የሚጻፈው የሚከፈለው ነው። በአኃዝም በፊደልም።

ሁለተኛው የቤቱ ሁኔታ ነው። የዚያ ምሽት ቡናችን ላይ ዘመዴን ይዤው ክፍሎቹን ዞርኩ። የእንግዳ ክፍሉ ኮርኒስ በአንድ ጥግ ውሃ አሻግሯል። የመኝታ ቤቱ መስኮት አንድ መስታወት ተሰንጥቋል። የበሩ ቁልፍ ሁለቴ ካልተጠመዘዘ አይዘጋም። እማማ ከኋላዬ ቆመው "እሱን አሠራዋለሁ ያልኩት ነው" ይላሉ። ሁሉንም ጻፍኩት። ፎቶም አነሣሁ። ይህን የምናደርገው እማማን ስላላመንናቸው አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ መስታወቱ መቼ እንደተሰነጠቀ ማንም ስለማያስታውስ ነው። የሌለ ጉዳት ተከራዩ ላይ እንዳይመጣ፣ የደረሰ ጉዳትም አከራይዋ ላይ እንዳይቀር ያደርጋል።

ቆጣሪውንም አትርሱ። በአንድ ግቢ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ብዙ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ማሞቂያ ያስነሣል፤ ከዚያ የመብራት ሂሳብ ይመጣል፤ ከዚያ ጭቅጭቅ ይመጣል። ውሉ ላይ በዚያ ቀን ቆጣሪው ስንት እንደሚያነብ ይጻፍ። ሂሳቡ በነፍስ ወከፍ ነው በክፍል? ምጣድ ይፈቀዳል? በሳምንት ስንት ቀን? ውሃ ሲጠፋ በርሜሉ የማን ነው? ሽንት ቤቱ የጋራ ነው? ማን ያጸዳል? የግቢው በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? ሌሊት ተረኛ የሆነ የፋብሪካ ሠራተኛ ቁልፍ ይኖረዋል? ይህን መጻፍ ይሉኝታ ይይዘናል። ሰው የሚጣላው ግን በትልቁ አንቀጽ ሳይሆን በምጣዱና በበሩ ነው።

ከዚህ ሌላ ያለውን ቶሎ ልጥቀሰው። የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍ። የባንክ ሂሳብ ቁጥሩና የሂሳቡ ባለቤት ስም ይግባ፤ ሂሳቡ የልጃቸው ከሆነ እሱም ይጻፍ። ለመልቀቅ ማን ለማን ስንት ጊዜ ቀድሞ እንደሚያሳውቅ አዋጁ ካለው ጋር ይስማማ። ተከራዩ ለሌላ ሰው ማከራየት ይችል እንደሆነ ወይም እንደማይችል ይጻፍ። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ሁለቱም ይፈርሙ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት ስለሚል ምስክሮች ይኑሩ፤ መታወቂያቸውም ይያያዝ። ደላላውን ምስክር ማድረግ አልወድም። ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ነገ ሲፈለግ ስልኩ አይነሣም። ጎረቤት ይሻላል።

መስኮቱ ላይ

ሲኬድ ሁለቱም ወገኖች አብረው ይሂዱ። ዋናው ሰነድ ከነቅጂው ይያዝ። ቅጂው ሁለት ሳይሆን ሦስት አራት ይሁን፤ እዚያ ደርሶ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍለጋ መሮጥ ግማሽ ቀን ይበላል። ውሉም ቢያንስ በሦስት ቅጂ ይፈረም፤ አንዱ ለአከራይ፣ አንዱ ለተከራይ፣ አንዱ ለመዝገብ። ለአገልግሎትና ለቴምብር የሚሆን ገንዘብ ያዙ፤ የቴምብር ቀረጥ አዋጁ 110/1990 የኪራይ ውልን ከቀረጥ ከሚከፈልባቸው ሰነዶች ይቆጥረዋል። ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ድረሱ። መብራት ወይም ኔትወርክ ከሄደ የሚጠፋው ቀን የእናንተ ነው። አከራይዋ እናት ከሆኑ ወንበር ፈልጉላቸው።

ለአከራዩ ግብርም አለ። የቤት ኪራይ ገቢ በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ሠንጠረዥ ለ ይገዛል። የተመዘገበ ውል ያለው አከራይ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ይዞ፣ ውሉን አሳይቶ፣ በእውነተኛ ገቢው ይስተናገዳል። ወረቀት ከሌለ ግን "ይህን ያህል ታከራያለህ" ብሎ የሚገምተው ሌላ ሰው ነው። ግምት ደግሞ እስከ ዛሬ ለማን እንደሚያደላ ግብር የከፈለ ሁሉ ያውቃል።

የእማማ ወራሽነት እንደፈራነው ቀን ፈጀ። አንዱ ልጃቸው አርሲ ነው የሚሠራው፤ ውክልናውን ልኮ እስኪደርስ ጠበቅን። ዘመዴ እስከዚያው ውሉ ሳይፈረም ቤቱ ውስጥ ነበር፤ ኪራዩን በየወሩ በባንክ ከፈለ፣ ደረሰኙንም በስልኩ አስቀመጠ። መስታወቱ ተተክቷል። ኮርኒሱ ገና ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ይሠራል ተብሎ ውሉ ላይ ተጽፏል።

ባለፈው ሐሙስ እንደገና ተጠራሁ። ያው ክፍል፣ ያው ጠረጴዛ። በዚህ ጊዜ ከፌስታሉ የወጣው ካርታው ብቻ አይደለም። የሞት ምስክር ወረቀቱ አለ፣ የፍርድ ቤቱ ማረጋገጫ አለ፣ የልጆቹ ውክልና አለ። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ስማቸውን ውሉ ላይ ፈለጉ። አገኙት። ጣታቸውን ከሥሩ አሳልፈው ቀስ ብለው አነበቡት፤ ከዚያ ፈረሙ። ሰኞ ጠዋት አብረው ይሄዳሉ። ካርታውን በዚያችው በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው አስቀምጠውታል።